የጊታርን መቃኛ ቁልፍ ስለ መምረጥና ስለ መቀየር

ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ደግሞ ደረቅ ፀሐይ ነው። በዚህ የአየር መለዋወጥ እንጨቱ ይኮማተራል፤ የብረቱ ክር ቀትር ላይ ሲሞቅ ይላላል፤ ማታ የተቃኘ ጊታርም በማግስቱ ሌላ ድምፅ ይሰጣል። ብዙ ተጫዋች ጥፋቱን ወዲያው በመቃኛ ቁልፉ ላይ ይጥላል። እኔም እንዲሁ አስቤ ደህና የነበሩትን ቁልፎች ስለቀየርሁ፣ ከግዢ በፊት ምርመራ እንዲቀድም አጥብቄ እመክራለሁ።

ቁልፉን ስታጠብቁ ድምፁ ቀስ ብሎ ከመውጣት ይልቅ «ጢቅ» ብሎ የሚዘል ከሆነ፣ ክሩ የተያዘው ከቁልፉ ሳይሆን በጊታሩ አንገትና ቁልፎቹ በተተከሉበት ራስ መጋጠሚያ ካለችው አጥንት መሳይ ቁራጭ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ስንጥቁን በመጻፊያ እርሳስ ማጥቆር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ክሩ በቁልፉ ዘንግ ላይ ያለ ሥርዓት ተደራርቦ ከተጠመጠመም እየተንሸራተተ ቅኝቱን ያወርዳል፤ ለወፍራሞቹ ሁለት፣ ለቀጫጭኖቹ ሦስት ዙር ያህል ተስተካክሎ ቢጠመጠም መልካም ነው። ዘንጉ ሲነካ የሚወዛወዝ ከሆነ ዳዶውንና ብሎኑን አጥብቁ። ይህ ሁሉ ተደርጎ የቁልፉ ጥርስ የሚያመልጥ ወይም የሚነክስ ከሆነ ግን መቀየር ተገቢ ነው።

በምርጫ ጊዜ ከስም ይልቅ ልክ ይቅደም። የጀርመኑ ሻለር፣ የጃፓኑ ጎቶና የአሜሪካው ግሮቨር የታወቁ ቢሆኑም፣ ከጊታራችሁ ቀዳዳ ጋር ካልገጠሙ አይጠቅሙም። የብዙ ዘመናዊ ቁልፎች ቀዳዳ 10 ሚሊ ሜትር ሲሆን የጥንቶቹ ከዚያ ይጠብባል፤ ስለዚህ የቀዳዳውን ስፋት፣ የጊታሩን ራስ ውፍረትና የብሎኖቹን ቦታ ካሊፐር በሚባለው መለኪያ ለኩ። በየጎኑ ሦስት ሦስት የሆነውና ስድስቱም በአንድ ረድፍ የሚደረደሩበት ዓይነት አይለዋወጡም። በናይለን ክር የሚሠራው ክላሲክ ጊታር ደግሞ ሦስት ሦስቱ በአንድ ሳህን ላይ የተያያዙ ቁልፎች አሉት፤ በዘንጎቹ መካከል ያለው ርቀት ብዙውን ጊዜ 35 ሚሊ ሜትር ነው።

14 ለ 1 የሚል ጽሑፍ ብታዩ፣ ዘንጉ አንድ ጊዜ እንዲዞር እጀታው 14 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ክራር ጥርስ የለውም፤ ተጫዋቹ ከትዝታ ወደ ባቲ ወይም ወደ አንቺ ሆዬ ሲሻገር ቀንበሩ ላይ የተጠመጠመውን በእጁ እያዞረ፣ በጆሮው ብቻ ይመዝናል። ጆሮው እንዲህ የሠለጠነ ሰው ጊታር ሲይዝ የ18 ለ 1ን ጥቃቅን ለውጥ ያደንቃል፤ ክር መቀየሩ ቢዘገይበትም ትርፉ ይበልጣል እላለሁ። ለበጋው አቧራ ጥርሱ በግራሶ ተሞልቶ የተዘጋው ዓይነት ከክፍቱ ይሻላል። ክብደቱንም መዝኑ፤ ከባድ ቁልፍ ጊታሩን ወደ ራሱ ያዘነብለዋል።

ሲገጠም በመጀመሪያ ክሮቹ ቀስ በቀስ ይላላሉ። አዲስ የብሎን ቀዳዳ ካስፈለገ፣ ለ2 ሚሊ ሜትር ብሎን በ1.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ ብሱ፤ ከሌላው ፊት እንዳይወጣም የሚፈለገውን ጥልቀት በፑንታው ላይ በፕላስተር አመልክቱ። ብሎኑን ሳሙና አስነክታችሁ በእጅ ካቻቪቴ ብቻ አጥብቁ፤ እኔ ይህን ችላ ብዬ አንዱን ብሎን እንጨቱ ውስጥ ሰብሬ ለማውጣት ብዙ ደክሜበታለሁ። የሰፋ የብሎን ቀዳዳ በኮላ በተነከረ የክብሪት እንጨት ይሞላል። ዋናውን ቀዳዳ ማስፋት ካስፈለገ ግን እንጨቱን ስለሚሰነጥቅ በትራፓኖ አትሞክሩት፤ ለሠለጠነ አናጺ ስጡ።

ዘወትር ከታች ወደ ላይ እያጠበቃችሁ ቃኙ፤ ድምፁ ካለፈ አላልታችሁ እንደገና ውጡ፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት የሚዘጋው እንዲህ ነው። አዲስ ክር እስኪለጠጥ ድረስ ጥቂት ቀን ይወርዳል። ከሳምንት በኋላ ዳዶዎቹን አንድ ጊዜ ፈትሹ፤ በሥራቸው ያለው እንጨት በደረቁ አየር ተኮማትሮ ሊያላላቸው ይችላል።