ካምፕ ድንገት ሊዘጋ በሚችልበት ወቅት በአርቪ መጓዝ

በአሜሪካ ምዕራብ በሰደድ እሳት ወቅት ካምፕ በሰዓታት ውስጥ ሊዘጋ ይችላል፤ በአርቪ (መኝታ፣ ማብሰያና ሽንት ቤት ባለው የጉዞ መኪና) ስትወጡ ሁለተኛ ማደሪያ አስቀድማችሁ አስቡ። በብዙ የቢኤልኤም (የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የመሬት አስተዳደር ቢሮ) መሬት ላይ አብዛኛውን ጊዜ በ28 ቀን ውስጥ እስከ 14 ቀን ማደር ይቻላል፤ ውሃና መብራት ግን የለም። ስለዚህ ነዳጃችሁ ከግማሽ በታች አይውረድ፤ ለመጠጥና ለማብሰያ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ውሃ ያዙ። መኪናውን ፊቱን ወደ መውጫው አዙራችሁ አቁሙ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሽንት ቤቱ ታንከር ነው። የፍሳሽ ማስወገጃ ቱቦው ተገጥሟል ብላችሁ ቫልቩን ከፍታችሁ አትተዉት፤ ፈሳሹ ቀድሞ ይወጣና ደረቁ ከታች ተቆልሎ ይጠነክራል፣ ቸኩላችሁ በምትነሱበት ቀን አልወጣ ይላል። ሁለት ሦስተኛ እስኪሞላ ዘግታችሁ ቆዩ። መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ የዕቃ ማጠቢያውን ውሃ ልቀቁ፤ ሳሙናው ቱቦውን ያጥብላችኋል።