ከቀይ ባሕር የመጣ የጀልባ ሞተር ለሎጎ ሐይቅ እንዴት ይዘጋጃል?

በወሎ ለሚገኘው ለሎጎ ሐይቅ ጀልባ ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ሞተሩ ቀድሞ የት እንደሠራ ነው። ባሕር ላይ የኖረ ሞተር ባቲን አልፎ ሲመጣ ጨውን በሆዱ እንደያዘ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ውሃው ሲደርቅ ጨው በማቀዝቀዣው ቦዮች ይጋገርና እርጥበት ባገኘ ቁጥር አሉሚኒየሙን ይበላል። «ሐይቁ ያጥበዋል» ብሎ መተው ሞተር መግደል ነው።

መጀመሪያ ፕሮፔለሩን ይፍቱ። ከዚያ ደጅ ላይ፣ የሞተሩን እግር ንጹሕ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ያስገቡ፤ ውሃ መሳቢያ ቀዳዳዎቹ መሸፈን አለባቸው። ያለ ውሃ ለአፍታም አያስነሱት፤ የውሃ ፓምፑ ጎማ ወዲያው ይቃጠላል። ማርሽ ሳያስገቡ በዝቅተኛ ፍጥነት 15 ደቂቃ ያህል ያሠሩት። የማቀዝቀዣውን ውሃ የሚዘጋውና የሚከፍተው ቴርሞስታት የሚከፈተው ሞተሩ ሲሞቅ ስለሆነ ቶሎ ማጥፋት ዋጋ የለውም። የበርሜሉ ውሃ ጨው ስለሚይዝ ቀይረው ይድገሙት።

ቀጥሎ ቴርሞስታቱን ፈትተው ይመልከቱ። ነጭ ቅርፊት ከያዘ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፈው በደንብ ያለቅልቁት። የፓምፑን ጎማ ግን ደህና ቢመስልም ይቀይሩት።

ብዙ ሰው የሚስተው የዚንኩን ቁራጭ ነው። ይህ ቁራጭ ሞተሩ ላይ የሚታሰረው ዝገቱ ሞተሩን ትቶ እሱን እንዲበላ ነው። ጨው በሌለው ውሃ ግን ዚንክ ጠንካራ ሽፋን አብጅቶ ሥራውን ያቆማል። ሳያልቅ ከረመ ማለት ሞተሩ ተጠበቀ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ጥበቃው ቆሟል። ለሐይቁ የማግኒዥየም ቁራጭ ይግጠሙለት፤ ካልተገኘ የአሉሚኒየም ቅይጥ ይሆናል። የሚያርፍበትን ቦታ ብረቱ እስኪታይ ይፋቁ፤ ቀለም ፈጽሞ አይቀቡት። ግማሹ ሲበላ በአዲስ ይተኩት።

ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በየ300 ሜትሩ የሞተሩ ጉልበት 3 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ አንድ አምስተኛው ሊጠፋ ምንም አይቀረውም። ካንዴላው ጥላሸት ከያዘ ነዳጁ በዝቷልና ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር መካኒክ ያስተካክለው።

የማርሽ ዘይቱን አፍስሰው ቀለሙን ይዩ። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ውሃ እንዳይገባ የሚዘጉት የእግሩ ጎማዎች ይቀየሩ። በሐይቁ ቆሮሶ የሚያሰግሩ መረቦች ስላሉ የተቆረጠ ክር ከፕሮፔለሩ ጀርባ ተጠምጥሞ እነዚህኑ ጎማዎች ይቆርጣል። ስለዚህ ፕሮፔለሩን በየጊዜው እየፈቱ ክሩን ያውጡ፤ ሲመልሱትም ዘንጉን ግሪስ ይቀቡት።