ከሰል ማውጫ ላይ ቦይና መንገድ ስትፈትሹ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

የድንጋይ ከሰል በሚወጣበት ጣቢያ ቦይ፣ መንገድና ግቢ መፈተሽ ብዙዎች ለወጉ ያህል የሚሠሩት ሥራ ነው። ፎርሙ ይሞላል፣ ይፈረማል፣ ፋይል ውስጥ ይገባል። አንድ ነገር ሲናድ ወይም ሲሰምጥ ግን መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የትም ስትቆሙ «ይሄ ውሃ ከየት መጥቶ ወዴት ነው የሚሄደው?» በሉ።

በደረቅ ቀን ብቻ መፈተሽ። ፀሐይ ላይ የማያምር ቦይ የለም። እየዘነበ ወይም ገና እንዳባራ ውጡ፤ ውሃው የቱ ጋ ቦዩን ጥሶ መንገድ ላይ እንደሚወጣ ያኔ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መብረቅ ካለ ወይም መንገዱ የሚያስፈራ ከሆነ ጠብቁ፣ ግን ግሬደር (መንገድ የሚጠርገው ማሽን) ዱካውን ሳያጠፋው ድረሱ። ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ሣርና ቆሻሻ፣ የቦዩ ግድግዳ ላይ የደረቀ የደለል መስመር፣ ጎርፉ እስከ የት ወጥቶ እንደነበር ይነግሯችኋል።

ከመኪና አለመውረድ። በመስኮት የሚታየው ውሃውን ከመንገዱ ሥር የሚያሳልፈው ቱቦ መግቢያ ነው። መውጫውስ? መግቢያው ንጹሕ ሆኖ መውጫው እስከ ግማሹ በደለል ተደፍኖ፣ ወይም የሚወርደው ውሃ ከሥር ያለውን አፈር ቦርቡሮ የመንገዱን ጠርዝ ባዶ ላይ አንጠልጥሎት ታገኙ ይሆናል። በአንዱ ጫፍ ባትሪ አብሩና በሌላው አጮልቁ። ብርሃኑ ካልታየ ውስጡ የሆነ ነገር አለ። ስትወርዱ ግን በሬዲዮ አሳውቁ፤ የትልልቆቹ ገልባጮች ሾፌር አጠገቡ የቆመ ሰው አይታየውም።

ጉድጓዱን በጠጠር ደፍኖ መሄድ። ተመልሶ ይመጣል፣ ምክንያቱም ከሥር ያለው አፈር ረጥቧል። የመንገዱ ወለል ውሃውን ወደ ጎን እንዲያፈስ ከ2 እስከ 4 በመቶ ያህል ማዘንበል አለበት። አንዳንዴ ደግሞ ጥፋተኛው ራሱ ግሬደሩ ነው፤ ሲጠርግ ጠርዙ ላይ ረጅም የአፈር ክምር ጥሎ ይሄዳል፣ ውሃውም መውጫ አጥቶ መሃል መንገድ ላይ ይተኛል። የመሙያውንም ዓይነት እዩ። ከከሰሉ ጋር የሚወጣው አንዳንዱ ድንጋይ ሲታይ ጠንካራ ነው፣ ውሃ ሲጠጣ ግን ተፈርፍሮ ጭቃ ይሆናል።

የገደል ዳር ክትርን፣ ማለትም መኪና እንዳይወድቅ ጠርዙ ላይ የሚከመረውን አፈር፣ በዓይን መገመት። በብዙ ቦታ የሚሠራበት መለኪያ ክትሩ ቢያንስ እዚያ መንገድ ላይ የሚሄደውን የትልቁን መኪና ጎማ ግማሽ ያህል ይቁም የሚል ነው። ዱላ ይዛችሁ ለኩ። ትልቅ መኪና ከተገዛ በኋላ ክትሩ በድሮው ቁመት የቀረባቸው ቦታዎች አሉ፣ ያንን በዓይን የሚያየው ሰው የለም። ክትሩ ውሃ ማሳለፊያ ክፍተት እንዲኖረውም ተመልከቱ።

አቧራ ለማጥፋት ቁልቁለቱን ማጥለቅለቅ። መንገዱ ይሙለጨለጫል፣ ፍሬን አይዝም። ቦቴው ቁልቁለት ላይ ጣል ጣል እያደረገ ያጠጣ።

ጥርት ያለ ውሃን ማመን። ይሄኛው ሰውን በደንብ ያታልላል። ከከሰሉ ጋር ያለው ፓይራይት የሚባል ማዕድን አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዳማው ውሃ ደግሞ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ሊሆን ይችላል። ፒኤች (የአሲድነቱን መጠን) ለኩ፣ ድንጋዩ ላይ ብርቱካናማ ዝቃጭ መኖሩን እዩ። የደለል ማቆያ ኩሬውም ላይ «ውሃ አለው» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ከታች ስንት ደለል ተጠራቅሞ ስንት ባዶ ቦታ ቀረ የሚለው ነው ቁም ነገሩ።

የተረፈ አፈሩን ክምር ከሩቅ አይቶ ማለፍ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። በ1966 ዌልስ ውስጥ አበርፋን የተባለች መንደር ላይ የከሰል ማዕድን ተረፈ ክምር ተንዶ 144 ሰው ገደለ፣ 116ቱ ልጆች ነበሩ። ክምሩ የተጣለው ምንጭ ላይ ነበር። በ1972 ደግሞ አሜሪካ፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ባፋሎ ክሪክ ላይ በከሰል ተረፈ ምርት የተሠራ ግድብ ተደርምሶ 125 ሰው አለቀ፤ ከ4 ቀን በፊት ተቆጣጣሪ አይቶት ደህና ነው ብሎ ነበር። ስለዚህ ከላይ ውጡና ስንጥቅ ፈልጉ፣ ከዚያ ታች ወርዳችሁ እግሩ ሥር ዙሩ። መሬቱ አብጧል? ትናንት ያልነበረ እርጥበት ወጥቷል? የሚንጠባጠበው ውሃ ደፍርሷል? አንዱም ቢሆን ካለ ፎርሙን አቆዩትና ከታች ያሉትን ሰዎች አስነሱ፣ ለኃላፊውም ወዲያው ደውሉ።

የፈሰሰ ከሰልን እንደ ቆሻሻ ብቻ ማየት። ተከምሮ ከቆየ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል፤ በተለይ ማጓጓዣ ቀበቶው ሥር፣ የሚሞቁት ሮለሮች አጠገብ። ቦይም ይደፍናል።

ሪፖርቱን በደፈናው መጻፍ። «ቦዩ ይጽዳ» ምንም ማለት አይደለም። የትኛው ቦይ፣ ከየት እስከ የት፣ በማን፣ እስከ መቼ? ፎቶ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ አንሱ፣ ስንጥቅ መስፋቱ የሚለየው እንዲያ ነው። ያልተሠራ ነገር ካለ ደግሞ በሚቀጥለው ፎርም እንደ አዲስ ግኝት አትጻፉት፤ መጀመሪያ የታየበትን ቀን አብራችሁ አስፍሩ።