የአሜሪካን የበጀት ፍጥጫ ዜና እንዴት እንለይ?

መጀመሪያ ቀኑን እዩ። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ስለሆነ፣ የሴፕቴምበር መጨረሻ ግርግር አብዛኛውን ጊዜ በጀት ባለመጽደቁ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የመዘጋት ጉዳይ ነው። የፌዴራል ሠራተኛ ደመወዝ ይዘገያል፤ የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) ክፍያ ግን አይቋረጥም።

“የዕዳ ጣሪያ” (መንግሥት መበደር የሚችልበት ሕጋዊ ገደብ) ከተባለ ነገሩ ይከብዳል። ጣሪያውን ማሳደግ አዲስ ወጪ አይፈቅድም፤ ኮንግረስ ራሱ ያጸደቀውን ለመክፈል መበደርን እንጂ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ግምጃ ቤቱ በልዩ የሒሳብ እርምጃዎች ለወራት ሊቆይ ስለሚችል፣ መጠበቅ ያለበት ጥሬ ገንዘቡ የሚያልቅበት ቀን ነው። በ2011 ስምምነት ቢደረስም የአገሪቱ የብድር ደረጃ ከመውረድ አልዳነም። ጭቅጭቁ ብቻውን ያስከፍላል!

ቀጥሎ ድምፅ ቁጠሩ፦ ለመደበኛ የበጀት ሕግ በሴኔት 60 ያስፈልጋል። በ“ሪኮንሲሊዬሽን” (ለበጀት ነክ ሕጎች በተፈቀደ ልዩ አሠራር) ግን ተራ አብላጫ ይበቃል፤ ሪፐብሊካኖች በ2025 ጣሪያውን በ5 ትሪሊዮን ዶላር ያሳደጉት በዚሁ መንገድ ነው።