ለፕራዶ ከፍ ያለ ጎማና አዲስ ቸርኬ ሲገጠም ምን ይለካል?

ቸርኬ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው በዓይኑ ነው። ሱቅ ደጃፍ ላይ የተደረደረውን ጥቁር ቸርኬ አይቶ ይወደዋል፣ «ስድስት ቡሎን ነው፣ ለፕራዶ ይሆናል» ይባላል፣ ዋጋ ይቆረጣል፤ ችግሩ የሚታየው መኪናው ከጎሚስታው ግቢ ከወጣ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ በአገራችን መንገዶች በብዛት የሚታየውን ቶዮታ ላንድክሩዘር ፕራዶ 150 ምሳሌ አድርጎ፣ ከግዢ በፊት ምን መለካት፣ በሚገጠምበት ቀን ምን መቆጣጠር፣ ከተገጠመም በኋላ ምን መፈተሽ እንደሚገባ ያስረዳል። በሌላ መኪና ቁጥሮቹ ይለወጣሉ እንጂ አካሄዱ ያው ነው።

በመጀመሪያ በጎማው ላይ የተጻፈውን ልክ ያንብቡ። ፕራዶ 150 በብዛት ይዞት የሚመጣው ጎማ 265/65 አር 17 ነው። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 65 የጎማው ግድግዳ ቁመት የስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ 17 ደግሞ የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ያመለክታል። ግድግዳው 172 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከላይም ከታችም ስለሚቆጠር በሁለት ተባዝቶ በቸርኬው 432 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደመር ሙሉ ቁመቱ 776 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በዚሁ ስሌት የ265/70 አር 17 ቁመት 803፣ የ285/70 አር 17 ደግሞ 831 ሚሊ ሜትር ነው። የመጀመሪያው ከፋብሪካው ልክ በ3.4 በመቶ፣ ሁለተኛው በ7 በመቶ ይበልጣል። መኪናው ከመሬት የሚነሣው ግን በልዩነቱ ግማሽ ብቻ ስለሆነ፣ የሚገኘው ከፍታ እንደ ቅደም ተከተላቸው 13 እና 27 ሚሊ ሜትር ነው። ያን ያህል ገንዘብ ላወጣ ሰው ሁለት ጣት የማይሞላ ከፍታ ነው።

የጎማው ቁመት የፍጥነት መለኪያውንም ይነካል። ሰሌዳው ላይ 100 ሲነበብ በ285/70 መኪናው በእርግጥ የሚሮጠው ፋብሪካው ከሰጠው ጎማ ይልቅ በ7 በመቶ ፈጥኖ ነው። መለኪያዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ትንሽ አስበልጠው እንዲያሳዩ ስለሚደረግ፣ የ265/70ው 3.4 በመቶ ብዙ ጊዜ ንባቡን ወደ እውነተኛው ፍጥነት ያቀርበዋል እንጂ አያበላሸውም። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም እንዲሁ ያሳንሳል፤ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት የሚቀይር ሰው 285/70 ከገጠመ የሚቀይረው 5,350 ገደማ ከተጓዘ በኋላ ነው። የክብደቱ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይብሳል። ግድግዳው የጠነከረ፣ ለጭነት መኪና ደረጃ የተሠራ 285/70 ጎማ ከፋብሪካው ጎማ እስከ 8 ኪሎ ግራም ሊበልጥ ይችላል፤ ይህ ደግሞ የሚሽከረከር ክብደት ስለሆነ መኪናው ለመነሣት ይከብደዋል፣ ለመቆምም ፍሬኑ የበለጠ ይለፋል። በእኔ አስተያየት በሳምንት አምስት ቀን ከተማ ውስጥ ለሚነዳ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ወደ ባሌ ወይም ወደ ስሜን ለሚወጣ ሰው 265/70 አር 17 ይበቃዋል። 285/70 የሚገባው ሞላውንና አሞርዛተሩን ከፍ ላደረገ፣ ጎማው የሚነካውን ቦታ ለመቁረጥና ለማስተካከልም ለተዘጋጀ ሰው ነው።

አሁን ወደ ቸርኬው እንምጣ፤ ብዙው ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነውና። የፕራዶ ስድስት ቡሎኖች 139.7 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ባለው ክብ ላይ የተደረደሩ ናቸው፤ ሻጩም የሚጠይቀው ይህን ብቻ ነው። እርስዎ ግን ስለ ኦፍሴቱም ይጠይቁ። ኦፍሴት ማለት ቸርኬው ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው የመሃል ብረት) ላይ የሚያርፍበት ፊት ከቸርኬው ወርድ መሃል ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሳይ ልክ ነው፤ ፊቱ ከመሃል ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ቁጥሩ ያድጋል፣ ቸርኬውም ወደ መኪናው ውስጥ ይገባል። የፕራዶው የ17 ኢንች ቸርኬ ወርዱ 7.5 ኢንች፣ ኦፍሴቱ 25 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። በምትኩ ወርዱ 8.5 ኢንች፣ ኦፍሴቱ ዜሮ የሆነ ቸርኬ ቢገጠም የውጭ ከንፈሩ 38 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይወጣል። ጎማው ከፓራፋንጎው ያልፋል፣ ጭቃና ጠጠር በሮቹ ላይ ይረጫል፣ ኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል፣ መሪ ሲጠመዘዝም ጎማው ሰፋ ያለ ቅስት ስለሚሠራ ጠርዝ መንካት ይጀምራል። በአንጻሩ ወርዱ 8 ኢንች፣ ኦፍሴቱ 20 የሆነ ቸርኬ ወደ ውጭ 11፣ ወደ ውስጥ ደግሞ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚጨምር ያለ ጣጣ ይቀመጣል። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በቸርኬው ጀርባ ላይ ተቀርጿል፤ ገልብጦ ማየት ነውር የለውም።

ሌላው ልክ የመሃሉ ቀዳዳ ነው። የፕራዶ ሞዞ 106.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ለብዙ መኪና እንዲሆኑ የሚሠሩ ቸርኬዎች ቀዳዳቸው ብዙ ጊዜ ከዚህ ሰፋ ይላል። እኔ በመጀመሪያ የገዛሁት ቸርኬ ቀዳዳው 110 ነበር፤ ሻጩም ገጣሚውም ስለዚህ ያነሡት ነገር አልነበረም። ከተማ ውስጥ ምንም አልታወቀኝም። በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ 90 ሳልፍ ግን መሪው እጄ ላይ መርገፍገፍ ጀመረ፤ ሦስት ጊዜ ባላንስ አሠርቼ ለውጥ ሳጣ ነው አንድ አዛውንት ጎሚስታ ቸርኬውን አውርደው በሞዞውና በቀዳዳው መካከል የጣታቸውን ጥፍር አስገብተው ያሳዩኝ። መፍትሔው ውጩ 110፣ ውስጡ 106.1 የሆነ የመሃል ቀለበት ነበር። ቀዳዳው ከሞዞው የጠበበ ቸርኬ ከሆነ ግን ጭራሽ አይገዛ።

ቡሎኑ ላይ የሚጠብቀውን ዳዶ እጅዎ ላይ አስቀምጠው ይመልከቱት። የቶዮታ ፋብሪካ የአሉሚኒየም ቸርኬ ዳዶ ቀጥ ያለ አንገትና ጠፍጣፋ ሮንዴላ አለው፤ አንገቱ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፣ ሮንዴላው በጠፍጣፋው ፊት ላይ ያርፋል። ከገበያ የሚገዛው ቸርኬ ግን በአብዛኛው ቀዳዳው ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ ስለሆነ የሚፈልገው ጫፉ ሾጣጣ የሆነ ዳዶ ነው። የድሮውን ዳዶ በአዲሱ ቸርኬ ላይ ማሰር በጠርዝ ብቻ እንዲይዝ ማድረግ ነው፤ ለጊዜው የጠበቀ ይመስላል፣ ከዚያ መንገድ ላይ ይላላል። ስለዚህ ከቸርኬው ጋር 24 ሾጣጣ ዳዶ፣ ጥርሱ 12 በ1.5 (ለ12 ሚሊ ሜትር ቡሎን፣ በጥርሶቹ መካከል 1.5 ሚሊ ሜትር) የሆነ፣ አብሮ ይገዛል። ሲታሰርም እያንዳንዱ ዳዶ ቢያንስ ስምንት ሙሉ ዙር መግባት አለበት።

ጎማውን ሲመርጡ የመሸከም አቅሙን የሚያሳየውን ቁጥር ከፋብሪካው አያሳንሱ፤ 112 ማለት በአንድ ጎማ 1,120 ኪሎ ግራም ነው። በግድግዳው ላይ የምርት ጊዜውን ከሚያሳዩት አራት አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ያሳያሉ፤ 1824 ማለት የ2024 18ኛ ሳምንት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ መጋዘን ውስጥ ያረጀ ጎማ ከሊሾ ብዙም አይሻልም።

በመግጠሚያው ቀን የሞዞው ፊት በሽቦ ብሩሽ ከዝገት ይጽዳ፤ የዝገት ቅርፊት ቸርኬው ተስተካክሎ እንዳይቀመጥ ያደርጋል። የጎማ አየር የሚቆጣጠር ሴንሰር ያለው መኪና ከሆነ ሴንሰሩ ወደ አዲሱ ቸርኬ መዛወሩን ያረጋግጡ። ዳዶዎቹ በመጀመሪያ በእጅ ይግቡ፤ ከዚያ ተራ በተራ በክቡ ዙሪያ ሳይሆን ከአንዱ ወደ ፊት ለፊቱ እየተሻገሩ ይጥበቁ። ገጣሚው በአየር በሚሠራው መፍቻ እስከ መጨረሻው እንዲያጠብቅ አይፍቀዱለት። ክሪኩ ከወረደ በኋላ የመጨረሻው ጥብቀት በቶርክ ሬንች (ጥብቀቱን በሚለካ ቁልፍ) ይሁን፤ ለፕራዶ የአሉሚኒየም ቸርኬ 112 ኒውተን ሜትር ያህል ነው፣ የቸርኬው አምራች ሌላ ካልጻፈ በቀር። ከ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ቁልፉን ይዘው እንደገና ይፈትሹት፤ አዲስ ቸርኬ ቦታውን ሲይዝ ዳዶው ትንሽ ሊላላ ይችላል።

ጎማው የሚነካ መሆኑን ለማወቅ ቀለል ያለ ዘዴ አለ። የፊት ጎማዎቹን ትከሻ በነጭ ጠመኔ ይቀቡ። ከዚያ አንዱን የፊት ጎማ ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ አውጥተው መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ቀጥሎም ወደ ቀኝ ያጥፉ፤ ወደ ኋላም ትንሽ ይንዱ፣ ብዙ ጎማ የሚነካው ወደ ኋላ ሲኬድ ነውና። ፓራፋንጎው ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ወይም ከፊት ጎማው ጀርባ ቦዲው ከሻንሲው ጋር የታሰረበት ብረት ላይ ነጭ ካዩ ጎማው ይነካል። ፕላስቲክ በሙቀት ገፋ ይደረጋል፤ ብረቱን መቁረጥ ግን የብየዳ ባለሙያ ሥራ ነው።

ከዚህ በኋላ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ይሠራል። የአየሩ ልክ ደግሞ በበሩ ላይ የተለጠፈው እንዳለ አይወሰድም፤ ያ ጽሑፍ ለፋብሪካው ጎማ የተጻፈ ነው፣ ጠንካራ ግድግዳ ያለው ጎማ ያንኑ ጭነት ለመሸከም ተጨማሪ አየር ይፈልጋል።

ስኮርታውን፣ ማለትም መጠባበቂያ ጎማውን፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ፕራዶ አራቱም ጎማ ሁልጊዜ የሚገፋ መኪና ስለሆነ፣ ከአራቱ አንዱ ቁመቱ ሲለይ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የመሃሉ ዲፈረንሻል ያለ ዕረፍት ይሠራል። ስለዚህ አምስት ጎማና አምስት ቸርኬ ይገዛ፤ ስኮርታው ከሥር የሚንጠለጠል ከሆነም ከመክፈልዎ በፊት አዲሱን ጎማ ወደ ቦታው አስነሥተው ይሞክሩት።