ነፍሰ ጡር ሲመሽ ማየት ሲያቅታት፦ ዳፍንትን መለየትና ቫይታሚን ኤን በልኩ መውሰድ

ቀን በደንብ የምታይ ነፍሰ ጡር ፀሐይ ስትጠልቅ ዕቃ የሚያጋጫት፣ ደፍ የሚያደናቅፋት ከሆነ ዳፍንት ይዟት ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚታየው በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ነው፤ የጽንሱ ፍላጎት ያኔ ይጨምራል። ሬቲና (በዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን) በደብዛዛ ብርሃን የሚያይበት ቀለም የሚሠራው ከቫይታሚን ኤ ስለሆነ፣ በጉበቷ የተጠራቀመው ሲሟጠጥ ቀድሞ የሚደክመው የምሽት እይታዋ ነው።

1. መጀመሪያ አደገኛውን ይለዩ። ቀንም ሌሊትም እይታ ከደበዘዘ ወይም ዓይን ላይ ብልጭ ብልጭ ካለ፣ በተለይ ከከባድ ራስ ምታት፣ ከእምብርት በላይ ከሚሰማ ሕመም ወይም ከፊትና ከእጅ እብጠት ጋር ከመጣ፣ ነገሩ የእርግዝና ደም ግፊት ሊሆን ይችላል። ቫይታሚን አይነካውም። ሳይውል ሳያድር ግፊቷ ይለካ፤ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለባት። ይህ ከወለዱ በኋላ ባሉት ሳምንታትም ይመጣል። የዓይኑ ጥቁር ክፍል ከደፈረሰ ወይም ከቆሰለም ያኔውኑ ሆስፒታል ነው።

2. ሦስት ነገር ይጠይቋት፦ ቀን ታያለሽ? ሲመሽ ትቸገሪያለሽ? ከማርገዝሽ በፊትስ እንዲህ ነበርሽ? ቀንም ሩቁን የማታይ ከሆነ ምናልባት መነጽር ነው የሚያስፈልጋት። ችግሩ ከልጅነቷ ጀምሮ የነበረ ከሆነ በዘር የሚመጣ የሬቲና ሕመም ሊሆን ስለሚችል የዓይን ሐኪም ይያት።

3. የቫይታሚን ኤውን መጠን ከጤና ባለሙያ ጋር ይወስኑ። ለነፍሰ ጡር ጣሪያው በቀን 10,000 አይ.ዩ. (በመለያው ላይ IU ተብሎ የሚጻፈው የቫይታሚን መለኪያ) ወይም በሳምንት 25,000 አይ.ዩ. ነው፤ ከሁለቱ አንዱ እንጂ ሁለቱም አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት ዳፍንትን ለመከላከል ይህን የሚመክረው የቫይታሚኑ እጥረት በከፋባቸው አካባቢዎች ነው፤ ቢያንስ ለ12 ሳምንታት፣ እስከ ወሊድ።

ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ጋ ነው። በዘመቻ ለሕፃናት የሚሰጠው ቀይ እንክብል 200,000፣ ሰማያዊው 100,000 አይ.ዩ. ነው። ቤት የተረፈውን አንዱን መዋጥ ለነፍሰ ጡር ከሳምንት ጣሪያዋ ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ በተለይ የጽንሱ አካል በሚሠራባቸው በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት የአካል ጉድለት ሊያስከትል ይችላል። የቫይታሚን ኤ ዘመድ የሆነው፣ ለብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይንም በእርግዝና ፈጽሞ አይወሰድም።

የመድኃኒቱ መለያ በማይክሮግራም ከተጻፈ 1 አይ.ዩ. 0.3 ማይክሮግራም ሬቲኖል (ሰውነት በቀጥታ የሚጠቀምበት ቫይታሚን ኤ) ነው፤ ማለትም 10,000 አይ.ዩ. 3,000 ማይክሮግራም ነው። ሌላ የምትወስደው መልቲቫይታሚን ካለ በውስጡ ያለውን ሬቲኖል ይደምሩ።

4. ምግቡን ያስተካክሉ። ጉበት ለዳፍንት መድኃኒት ነው መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ግን 100 ግራም የበሬ ጉበት ከ25,000 አይ.ዩ. ሊያልፍ ስለሚችል እርጉዝ ደጋግማ ባትበላው ይሻላል። ካሮት፣ ዱባ፣ ጎመን፣ ማንጎና ፓፓያ ይህ ስጋት የለባቸውም፤ ሰውነት ከእነሱ ቫይታሚን ኤ የሚሠራው በሚፈልገው ልክ ነው። ስኳር ድንችም ይረዳል፣ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው እንጂ ነጩ አይደለም። በዘይት ካልተሠራ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል። በጾም ሥጋ፣ እንቁላልና ቅቤ ሲቀሩ ሸክሙ በሙሉ እነዚህ ላይ ስለሚወድቅ ዘይቱን አይቆጥቡ።

የብረትና ፎሊክ አሲድ እንክብሏን በዚህ ምክንያት አታቋርጥ፤ የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው።

5. ለውጡን ይከታተሉ። ምክንያቱ የቫይታሚን ኤ እጥረት ከሆነ የምሽት እይታ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ይመለሳል። ካልተመለሰ መጠን መጨመር መፍትሔ አይደለም። የዚንክ እጥረት ቫይታሚኑን ከጉበት ወጥቶ እንዳይሠራ ሊያግደው ይችላል፤ ወይም ምክንያቱ ከመነሻውም ሌላ ነበር።

ለወለደች እናት በፊት አንድ 200,000 አይ.ዩ. እንክብል ይሰጥ ነበር። የእናትንም የሕፃንንም ሞትና ሕመም ለመቀነስ እንደሚጠቅም ማስረጃ ስላልተገኘ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አይመክረውም። ዳፍንቱ ራሱ ከወሊድ በኋላ ብዙ ጊዜ ይተዋታል። አዲስ መነጽር ግን በእርግዝና መጨረሻ አታሠሩላት፤ ሰውነቷ ውሃ ሲይዝ የዓይን ብርሃን ልኬት ስለሚለዋወጥ ከወለደች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብትለካ ይሻላል።