ዋንዛን ከዘር እንዴት ማፍላት ይቻላል

ባህር ዛፍ የሚተክል ሰው በየመንደሩ አለ። ዋንዛ የሚተክል ግን ጥቂት ነው። «እሱማ ራሱ ይበቅላል» ይባላል። እርግጥ ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን ይበትኑታል። የሚቆረጠው ከሚበቅለው ሲበልጥ ግን ወፍ ብቻዋን አትችለውም፤ እኛም መትከል አለብን።

ዋንዛ ያልገባበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ሙቀጫው፣ ገበታው፣ ከበሮው፣ የበሩ ሳንቃ፣ አልጋው፣ ቁምሳጥኑ ከእሱ ይሠራል። እንጨቱ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ ለመላጊያ አያስቸግርም፣ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም። አናጺዎች የሚወዱት ለዚህ ነው። ኦሮሞዎች ዋዴሳ፣ ትግርኛ ተናጋሪዎች አውሒ ይሉታል። በጅማ፣ በከፋ፣ በሲዳማና በጌዴኦ ቡናው ከጥላው ስር ያድጋል፣ ቅጠሉ ረግፎም አፈሩን ያለብሳል። ነጭ አበባው የንብ ቀለብ ነው። ፍሬውን ልጆች እየመጠጡ ይበሉታል፣ በሚያጣብቀው ፈሳሹም ወረቀት ያያይዙበታል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ቦታችሁ ከባህር ጠለል በላይ ከ700 እስከ 2500 ሜትር ገደማ ከሆነ ዋንዛ ይስማማዋል።

መጀመሪያ እናት ዛፉን ምረጡ። ግንዱ ቀጥ ያለ፣ ጤነኛና ብዙ ፍሬ የሚይዝ ይሁን። ጠማማ ዛፍ ስር የወደቀ ፍሬ ቅርብ ስለሆነ ብቻ አትልቀሙ። አበባው በአብዛኛው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይታያል፣ ፍሬው ደግሞ ከዚያ በኋላ በበጋው ይበስላል። ቢጫ ሲሆን ከስሩ ሸራ አንጥፉና ቅርንጫፉን አራግፉ።

ቀጥሎ ፍሬውን አንድ ቀን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ከዚያ ከአሸዋ ጋር እያሻችሁ እጠቡት። ሙጫ የመሰለው ነገር ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ ድረስ ውሃውን ደጋግማችሁ ቀይሩ። ይህን ሥራ አትቸኩሉበት፤ ሥጋው ከቀረ ዘሩ ይሻግታል። የታጠበውን ጥላ ውስጥ አስጡት።

ለአፈሩ 3 እጅ የጫካ አፈር፣ 2 እጅ ብስባሽ፣ 1 እጅ አሸዋ ቀላቅላችሁ የችግኝ ፕላስቲክ ሙሉ። ዘሩን አንድ ጣት ስፋት ያህል ቅበሩት፣ ላዩን ሣር ጎዝጉዙ፣ ጠዋትና ማታ ቀስ አድርጋችሁ አጠጡ።

አሁን ትዕግስት ነው። ዋንዛ ለመብቀል ከ40 እስከ 60 ቀን ሊፈጅ ይችላል። ብዙ ሰው በወሩ «ዘሩ ሞቷል» ብሎ ፕላስቲኩን ይደፋል። እባካችሁ አትድፉ! ሲወጣ ደግሞ ከአንዱ ዘር ሁለት ሦስት ቡቃያ ብታዩ አትደንግጡ። ድንጋይ በመሰለው ቅርፊት ውስጥ ከአንድ በላይ ዘር ሊኖር ይችላል። ጠንካራውን አስቀሩ፣ ሌላውን በመቀስ ቁረጡ፤ ብትነቅሉት የቀረውን ሥር ያናጋል።

ሣሩን አንሱና ቀለል ያለ ጥላ ሥሩለት። ችግኙ ሲጠነክር ጥላውን ቀንሱ፣ ውሃውንም አሳንሱ። ፕላስቲኩን አልፎ አልፎ ከቦታው እያነሳችሁ መሬት የገባውን ሥር ቁረጡ።

ጉድጓዱን ክረምት ሳይገባ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሩ። ሐምሌ ላይ አፈሩ በደንብ ሲርስ ትከሉ። ፕላስቲኩን ማውጣት አትርሱ፤ ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ሥሩ ታፍኖ ይቀራል። ችግኙ በዚያ ዓመት ካልደረሰ ለከርሞ አቆዩት። መጠበቅ ካቃታችሁ በዝናብ ወቅት ከትልቅ ዋንዛ ስር ራሱ የበቀለውን ትንሽ ችግኝ ከነአፈሩ አንስታችሁ መትከል ትችላላችሁ። ገበሬዎችም ይህን ያደርጋሉ።

ከተከላ በኋላ ትልቁ ጠላት ከብት ነው። ቅጠሉን ይወዱታል፣ ስለዚህ በእሾህ እጠሩት። በበጋ ቅጠሉ ቢረግፍ ደረቀ ብላችሁ አትንቀሉት፣ ልማዱ ነው።

ሳንቃ ከፈለጋችሁ መግረዝ ግድ ነው። ዋንዛ ካልተገረዘ ከታች ጀምሮ ይንዠረገጋል፣ ግንዱም አጭርና ጠማማ ይሆናል። የታችኞቹን ቅርንጫፎች ገና ቀጭን ሳሉ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ከግንዱ አስጠግታችሁ ቁረጡ። የላይኛውን ግን አትንኩ። ጥሩ መሬት ካገኘ በ7 ዓመት 7 ሜትር ያህል ይደርሳል። ለቡና ጥላ ይበቃል፣ ለሳንቃ ግን ገና ነው።

ሊቆረጥ ሲደርስ መጀመሪያ የአካባቢያችሁን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች አንዱ አድርጎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተቀይሯል፣ የክልሎችም አሠራር ይለያያል። ፈቃዱን ይዛችሁ ስትቆርጡም ጉቶውን አትንቀሉት፣ መልሶ ያቆጠቁጣል።